የጣዖት ዛፍ

ሃያ ሦስት ናቸው፣ በአንጥረኞች መንገድ፣
ቀይ መስመር ያለባቸው፣ ለመጋዝ፣ ለመንደድ።
መስመሩን ያሰመርኩት እኔ ነኝ በብሩሽ፣
ብርቱካን ሰደርያ ለብሼ፣ ሴገድ ላይ ቀኑ ሲመሽ።
ከቲሳ ወንዝ የሚመጣ ነፋስ ቀለሙን ያደርቃል፤
ዛፉ ደንታም የለው፣ ክንፋም ዘሩን ይበትናል።

ዦምቦርን፣ አለቃዬን፣ ስሙን ጠየቅሁት፤
«ባልቫኝፋ» አለኝ። በልቤ ፈታሁት፦
ባልቫኝ ማለት ጣዖት፣ ፋ ማለት ዛፍ ነው።
እንግዲህ ጣዖቱን እኛ ነን የምንጥለው?
ሳቄ አመለጠኝ። እሱ ግን አልሳቀም፤
ሰንሰለት ይስላል፤ ሲስል አይስቅም።

«ከቻይና አመጡት፣ ድሮ፣ ተለምኖ፣
ሐር ትል ይበላዋል፣ ያጠላል ተብሎ ታምኖ።
ዛሬ ግን ተመልከት፣ አስፋልት ፈንቅሎ፣
ከምድር ቤት ግድግዳ ቅጠሉን አብቅሎ፣
ሥሩ መርዝ ያፈልቃል፣ ሌላው እንዳይበቅል፤
ጎረቤት አይወድም። ይህ ዛፍ…» አለና ቃል
ፈለገ። አገኘ። ረጅም ነው፣ የሳይንስ፤
በእኔ ጆሮ ግን አጠረ፣ ወደ አማርኛ ሲመለስ፦

መጤ።

ሁለት ፊደል ብቻ፤
ስንቱን ጎጆ አፈረሰ ተሸክሞ ጥላቻ።
የመኖሪያ ፈቃዴን በኪሴ ዳሰስኩት።
እዚያው ነበር። መሰርሰሪያውን አነሳሁት።

መጀመሪያ አይቆረጥም፤ ያስተማረኝ ዦምቦር ነው፦
ቢቆርጡት ይቆጣል፤ መቶ ሆኖ ነው የሚነሣው።
ግንዱን ትበሳለህ፣ መድኃኒት ታጠጣለህ
(መድኃኒት ይሉታል)፣
እስከ ጥቅምት ድረስ ሲገረጣ ታየዋለህ።

ከአሥራ አንድ ቁጥር ቤት ወይዘሮ ፒሮሽካ፣
በነጠላ ጫማ ወጥታ፣ ግንዱን በምርኩዟ ነካ ነካ
አደረገችው። ሰማንያ አራት ዓመቷ ነው።
ታለቅሳለች ብዬ ፈራሁ። አላለቀሰችም።
«ይሸታል» አለች፣ «የከረመ ኦቾሎኒ። ሃምሳ ዓመት አልለመድኩም።
ግን ባሌ የሞተ ጊዜ፣ በዚያ በጋ፣ ሙቀቱ ቤት ሲያቃጥል፣
የተቀመጥኩት ከሥሩ ነው። ሌላ ጥላ የት ይገኛል?»
«ቁረጡት» አለች ደግሞ፣ ምርኩዟን ግንዱ ላይ ትታ፤
ገባች፤ ቆየች። ወጣች ባልዲ ጎትታ፤
የኮምጣጣ ኪያር ባልዲ። ውስጡ ጣት የምታህል ሃርሽ፣
ዘሩን ከቤተ ክርስቲያን ደጅ ለቅማ፣ አራት ክረምት ከውርጭ ስታሸሽ።
«ንቦች ይወዷታል» አለችኝ። «እኔ ግን አልደርስባትም።»
ምን ይባላል ለዚህ? ምንም አላልኩም።

አገሬ አንድ ዛፍ አለ፣ ባሕር ዛፍ የሚባል፤
ከየት እንደ መጣ ስሙ ይናገራል።
ማገሩም እሱ ነው፣ በሩም፣ ቃሬዛውም፤
ምንጩን ጠጣው ብለው ይረግሙታል ደግሞም፤
ጉንፋን ሲይዛቸው በቅጠሉ ይታጠናሉ፣ ያው የረገሙት።
ይህን ለዦምቦር ልነግረው ጀመርኩ፤
ሀንጋሪኛዬ ከመሀል አለቀ።
እሱም እንደ ገባው ሰው ራሱን ነቀነቀ።

በኅዳር ጭነት መኪና ችግኞቹን ይዞ መጣ፣
ሃያ ሁለት አገር በቀል፣ ሥራቸው በጆንያ ተጠቅልሎ እንዳይወጣ።
አንገታቸው ላይ ወረቀት አለ፤ አነበብኩት ጠጋ ብዬ፦
«ሆላንድ» ይላል። ዦምቦርን ጠራሁት፣ «ና እየው፣ አለቃዬ!»
ያን ቀን ሳቀ፣ እስከ እንባ። መጋዝ አልያዘም በእጅ።
ሃያ ሦስተኛዋን፣ የባልዲዋን፣ ተከልናት ከአሮጊቷ ደጅ።

ሚያዝያ።
ውሃ አጠጣለሁ። ሆላንዶቹ ቅጠል ጀምረዋል፤
የባልዲዋ ገና እምቡጧን ቋጥራለች፤ ፒሮሽካ በመስኮት ታየኛለች፣
«አትቸኩል» በሚል ጣት።
ከእግረኛ መንገዱ ንጣፍ፣ በሁለት ድንጋይ ስንጥቅ፣
አንዲት ቀይ ቡቃያ ብቅ።

አወቅኋት።
ጎንበስ አልኩ። ሥራዬ ነው። ነቀልኳት ከነሥሯ፤
ማን ያውቃል ስንት እንደ ሆነ ከምድር በታች ቁጥሯ።

በትራም ወደ ቤቴ ስሄድ እጄን አሸተትኩት፦
ኦቾሎኒ።
ሁለቴ ታጥቤ ነበር። በኪሴ ከተትኩት።